አዲስ አበባ በግንቦት 1997 ቅንጅትን ለምን መረጠች? የአንድ ምርጫ የጉዳይ ጥናት

እሑድ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ በአዲስ አበባ ያስገኘው ውጤት ለትርጓሜ የሚተርፍ አይመስልም ነበር። ቅንጅት ለአንድነትና ለዲሞክራሲ ከተማዋ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያሏትን 23 መቀመጫዎች በሙሉ ሲወስድ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። አገሪቱን ለ14 ዓመታት ሲመራ የቆየው ኢሕአዴግ በመናገሻ ከተማው የቀረችው ወንበር አንዲት ብቻ ነበረች። ምርጫ ቦርድ በመጨረሻ ይፋ ባደረገው አገር አቀፍ ውጤት ከ547 መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ሌላው የተቃዋሚዎች ስብስብ ኅብረት 52 አግኝተዋል። ይህ አገር አቀፍ ቁጥር እስከ ዛሬ ያወዛግባል፤ ቆጠራው ተጭበርብሯል የሚለው አቤቱታ፣ በበርካታ የምርጫ ክልሎች የተደረገው ድጋሚ ምርጫና የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች ትችት ጥላቸውን አጥልተውበታል። የአዲስ አበባን ውጤት ግን ተሸናፊው ራሱ ድምፅ በተሰጠ ማግስት ተቀብሎታል። መራጩ ለምን እንዲህ እንደወሰነ መመርመር የሚሻ ሰው ከዚህች ከተማ ቢጀምር ቢያንስ በራሱ በውጤቱ ላይ ሲከራከር አይውልም።

ቁጥሩ ግን ከሚገባው በላይ እንዲናገር መፍቀድ የለብንም። በምርጫ ሕጋችን አብላጫ ድምፅ ያገኘ እጩ ወንበሩን ጠቅልሎ ስለሚወስድ፣ 23 ለባዶ መሆን ለኢሕአዴግ ድምፅ የሰጠ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም፤ በየምርጫ ክልሉ ለገዥው ፓርቲ የተሰጠ ድምፅ ነበር፣ ወንበር ግን አላስገኘም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2000፣ ዋነኞቹ ተቃዋሚዎች በሌሉበት በተደረገው የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ኢሕአዴግ በተራው ከ138ቱ 137ቱን እንደወሰደ ማስታወስም ያስፈልጋል። የከተማው ሕዝብ በሦስት ዓመት ውስጥ ልቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለውጧል ብሎ የሚያምን ካለ ይመን፤ እኔ ግን የወንበር ቁጥር የሕዝብን ስሜት ልክ አያሳይም እላለሁ። ስለዚህ የዚህ ጥናት ጥያቄ «ቅንጅት ስንት ወንበር አገኘ» ሳይሆን፣ ከአምስት ዓመት በፊት ከተማዋን በእጁ ያስገባውን ገዥ ፓርቲ ትቶ የተመሠረተ ገና ጥቂት ወራት የሆነውን ስብስብ የመረጠው ነዋሪ ምን አስቦ ነው የሚለው ነው።

መልሱን የሚያከብደው አንድ እንቆቅልሽ አለ። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋን በጊዜያዊነት እንዲያስተዳድር የተሾመው የአቶ አርከበ ዕቁባይ ካቢኔ፣ አዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ ካየቻቸው አስተዳደሮች ሁሉ በሥራው የተሻለ ስም ነበረው። የቀለበት መንገዱ ተጠናቋል፣ የሰፈር ውስጥ መንገዶች ተጠርገዋል፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በቦሌ ገርጂ ተጀምሯል፣ በየመንገዱ ዳር ለሥራ አጥ ወጣቶች የተሰጡት ትንንሽ ሱቆችም ሕዝቡ ራሱ ባወጣላቸው ስም «የአርከበ ሱቅ» ተብለው ቀርተዋል። መራጩ የተሰጠውን አገልግሎት መዝኖ ድምፁን የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ፣ ኢሕአዴግ ቢያንስ በከተማው ምክር ቤት ምርጫ የተወሰነ ፍሬ ባየ ነበር። የፌዴራሉም የከተማውም ድምፅ የተሰጠው በአንድ ቀን ስለነበረ፣ መራጩ ከፈለገ ለከተማው አንዱን፣ ለአገሩ ሌላውን መምረጥ ይችል ነበር። አላደረገውም። የአርከበን ሥራ እያመሰገነ በሁለቱም ወረቀቶች ላይ የቅንጅትን ምልክት፣ ሁለቱን ጣቶች፣ መረጠ። ይህ ብቻውን ጉዳዩ የመንገድና የመብራት እንዳልነበረ ያመለክታል፤ ጥያቄው የቀረበው ለከንቲባው ሳይሆን ለመንግሥት ነበር።

የተጠራቀመው ቅሬታ

አዲስ አበባ በኢሕአዴግ ላይ የነበራት ቅሬታ በ1997 የተወለደ አይደለም። ከሁሉ የከበደው የባድመ ጉዳይ ይመስለኛል። ከ1990 እስከ 1992 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት እጅግ ብዙ ወጣት ካለቀ በኋላ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን ሲያሳውቅ መንግሥት ባድመ ለኢትዮጵያ ተወስናለች ብሎ የደስታ መግለጫ አወጣ። ጥቂት ቆይቶ ባድመ ለኤርትራ መሰጠቷ ታወቀ። ምርጫው ስድስት ወር ያህል ሲቀረው፣ በኅዳር 1997፣ መንግሥት ውሳኔውን በመርህ ደረጃ መቀበሉን አስታወቀ። የሰላሙን አስፈላጊነት የሚረዳ ሰው እንኳ «ታዲያ ያ ሁሉ ልጅ ለምን አለቀ?» ማለቱ አልቀረም። በዚህ ላይ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚብላላው የአሰብ ወደብ ጥያቄ ተደረበ። ኢሕአዴግ የአገሩን ጥቅም በሚገባ አያስጠብቅም የሚለው ጥርጣሬ በከተማው ውስጥ የተማረውንም ያልተማረውንም፣ ሀብታሙንም ድሃውንም የሚያገናኝ ነበር፤ ሌሎቹ ቅሬታዎች ግን በአብዛኛው የየክፍሉ ነበሩ።

የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ የራሱን ይዞ መጥቷል። በ1985 ከአርባ በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጊዜ ተባርረዋል፤ በሚያዝያ 1993 የተማሪዎቹ ተቃውሞ ወደ ከተማው ወጥቶ በርካታ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ በዚሁ ሰበብ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ታስረው ነበር። የመምህራን ማኅበር መሪ የነበሩት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ለዓመታት በእስር ቆይተዋል። ነጋዴው በበኩሉ በ1995 የጀመረውን የተጨማሪ እሴት ታክስና እንደ አመጣጡ የሚጣለውን ቁርጥ ግብር ያማርር ነበር። ከታክሱ ይልቅ የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው፦ ከገዥው ፓርቲ አባል ድርጅቶች ጋር የተያያዙት እንደ ኤፈርት ያሉ ኩባንያዎች በእኩል ሜዳ አይጫወቱም የሚል እምነት ነበረው። ወጣቱ ሥራ አልነበረውም፤ አሥረኛን ጨርሶ ሰፈር ውስጥ የሚውለው ልጅ በየዓመቱ ይበዛ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ትንሽ ካርቶን ልምጣ። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ከስምና ከዕድሜ ጋር «ብሔር» የሚል መስመር ነበር። ከጎጃሜ እናትና ከወሊሶ አባት መርካቶ የተወለደ ሰው ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ ሲያወጣ ከሁለት አንዱን መርጦ ማስጻፍ ነበረበት፤ «ኢትዮጵያዊ» ብለህ ጻፍልኝ ቢል ጸሐፊው «እሱማ ዜግነት ነው» ብሎ ይመልሰዋል። የብሔር ፌዴራሊዝም በሌላው የአገሪቱ ክፍል ለብዙ ሕዝብ በቋንቋው የመዳኘትና የመማር መብት ይዞ እንደመጣ አይካድም፤ ይህንን የማያነሳ የአዲስ አበባ ተቃዋሚ ሐቀኛ አይደለም። ለተቀላቀለው የአዲስ አበባ ነዋሪ ግን ሥርዓቱ በአብዛኛው የተገለጠው በዚያች መስመርና በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ነበር፦ የአንዱ ትርጉም «አንተ ከየትኛው ነህ?»፣ የሌላው «መገንጠል ይቻላል»። ቅንጅት በስሙ ውስጥ «አንድነት» የሚለውን ቃል ሲያስገባ የተናገረው ለዚህ ሰው ነው።

ቅሬታ ወደ ድምፅ የተለወጠበት መንገድ

ቅሬታ ብቻውን ግን ምርጫ አያሸንፍም። ባድመም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ መታወቂያውም በ1994ም ነበሩ፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ ያጉረመርም ነበር እንጂ አማራጭ ነው ብሎ የሚጠቅሰው ፓርቲ አልነበረውም። በ1987ቱ ምርጫ ዋነኞቹ ተቃዋሚዎች ራሳቸውን አግልለው ነበር፤ በ1992ቱም ፓርላማ የገቡት ተቃዋሚዎች ጥቂት ነበሩ። በ1997 የተለወጠው ነገር ተቃዋሚው መንግሥት ሊሆን ይችላል የሚለው እምነት መፈጠሩ ነው፤ ይህም የሆነው በአመዛኙ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ነው።

ኢሕአዴግ የገጠሩን ድጋፍ ተማምኖ ይሁን ወይም የለጋሽ አገሮችን አስተያየት አስቦ፣ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ የክርክር መድረክ ከፈተ። ስለ መሬት፣ ስለ ግብርና መር ኢንዱስትሪ ልማት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ፌዴራሊዝም፣ ስለ ውጭ ግንኙነት ሚኒስትሮችና የተቃዋሚ መሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው በቀጥታ ስርጭት ተከራከሩ። ክርክር ባለበት ምሽት ቡና ቤቱ እንደ ኳስ ጨዋታ ቀን ይሞላ ነበር፤ ታክሲው ውስጥ ሬዲዮው ሲከፈት ተሳፋሪው ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ከዚያም መሃሉ ሳይታወቅ ይከራከራል። የገዥው ፓርቲ ተከራካሪዎች ብዙ ጊዜ ከፖሊሲ ሰነድና ከአኃዝ ይነሱ ነበር፤ አኃዛቸውም ሁልጊዜ የተሳሳተ አልነበረም፣ ከ1995ቱ ድርቅ በኋላ ኢኮኖሚው እውነትም አንሰራርቶ ነበር። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ማኅበር መሪ የነበሩት ብርሃኑ ነጋ ግን ያንኑ አኃዝ በእነሱው ቋንቋ ይመልሱላቸዋል፤ ወጣቱ ልደቱ አያሌው ደግሞ ነገሩን ወደ ሰፈር አማርኛ አውርዶ ተመልካቹ በማግስቱ ሥራ ቦታው የሚደግመው ዓረፍተ ነገር ያደርገዋል።

ሆኖም ከክርክሩ ይዘት ይልቅ የመድረኩ አቀማመጥ የበለጠ የሠራ ይመስለኛል። ኢትዮጵያዊው ተመልካች ሚኒስትር ሲወቀስ፣ ሚኒስትሩም ተቆጥቶ ከማሰር ይልቅ መልስ ለመስጠት ሲገደድ በመንግሥት ቴሌቪዥን አይቶ አያውቅም። መንግሥት ማለት ከላይ ያለ፣ የማይነካ፣ ቢያኮርፉት እንጂ የማይከራከሩት ኃይል ነው ብሎ ያደገ ሰው፣ ያ ኃይል ከተቃዋሚው ጋር እኩል ወንበር ላይ ተቀምጦ የተመደበለት ደቂቃ ሲያልቅ አወያዩ «ሰዓትዎ አልቋል» ሲለው ሲመለከት፣ በመጀመሪያ የሚደመድመው ስለ መሬት ፖሊሲ አይደለም። «እነዚህ ሰዎች መውረድም ይችላሉ ማለት ነው» ብሎ ነው። ፍርሃት በአንድ ወር አይለቅም፤ ግን ሲለቅ የሚለቀው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ሚያዝያ 30 ነው። ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ ደጋፊዎቹን በመስቀል አደባባይ ሰበሰበ፤ በማግስቱ እሑድ ቅንጅት በዚያው አደባባይ ሰልፍ ጠራ። የሰልፈኛው ቁጥር እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ተገምቷል፤ ትክክለኛውን የቆጠረ የለም፣ አደባባዩና ወደ እሱ የሚወስዱት መንገዶች መሙላታቸውን ግን ማንም አልካደም። ለዚህ ጥናት ዋናው ነገር ብዛቱ ሳይሆን ብዛቱ ለሰልፈኛው የነገረው ነው። በቀበሌ ካድሬ ዓይን ስር የሚኖር ሰው ሐሳቡን ለጎረቤቱ አይናገርም፤ ስለዚህ እሱ ብቻ እንደሚቃወም ያስባል። ያን ቀን ጎረቤቱን፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባውን፣ አንዳንዴም የቀበሌውን ጸሐፊ ሁለት ጣት አንስተው አያቸው። ሁለቱ ጣቶች የቅንጅት የምርጫ ምልክት ነበሩ፤ የኢሕአዴግ ምልክት ንብ ነበረች። ንብ ፖስተር ላይ ታትማ ትለጠፋለች፤ ሁለቱ ጣቶች ግን የሁሉም ሰው እጅ ላይ አሉ፣ ወረቀትም ቀለምም አያስፈልጋቸውም፣ ከታክሲ መስኮት ብቅ አድርጎ ማሳየት ይበቃል። የምርጫ ምልክት ምርጫ እንደ ቀልድ የሚታይ ነገር ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን ከብዙ የቅስቀሳ ገንዘብ የበለጠ ሠርቷል።

ገዥው ፓርቲ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሰጠው ምላሽ በከተማው ውስጥ ጉዳቱን አባባሰበት። ባለሥልጣናቱ የተቃዋሚውን ቅስቀሳ ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር አመሳሰሉት። ፍርሃቱን ከልባቸው ፈርተውት ሊሆን ይችላል፣ በሰልፍ ላይ የተሰሙ አስቀያሚ ቃላትም እንደነበሩ መካድ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ከተለያየ ብሔር ተጋብቶ የወለደ፣ በዕድርና በዕቁብ ተሳስሮ የሚኖር የከተማ ሰው ይህንን ማስጠንቀቂያ የሰማው እንደ ስድብ ነው። ንግግሩ ከድምፅ አንፃር ያስገኘው ትርፍ ካለ ከአዲስ አበባ ውጭ ይፈለግ።

ኅብረት ለምን አልሆነም?

እስካሁን የተባለው ኢሕአዴግ ለምን እንደተጠላ እንጂ ቅንጅት ለምን እንደተመረጠ ሙሉ በሙሉ አያስረዳም። ሌላ ተቃዋሚ ነበርና። በፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስና በዶክተር መረራ ጉዲና የሚመራው ኅብረት ከቅንጅት ቀድሞ የተቋቋመ፣ በክርክሩም ላይ በሚገባ የታየ ስብስብ ነበር፤ የመረራ ቀልድና የበየነ ረጋ ያለ አነጋገር ብዙ አድናቂ ነበራቸው። ያም ሆኖ ከአዲስ አበባ አንድም ወንበር አላገኘም። ኢሕአዴግን መቅጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ለሁለት በተከፈለ ነበር።

የመጀመሪያው ምክንያት የጥያቄው ዓይነት ነው። ኅብረት በውስጡ በብሔር የተደራጁ ፓርቲዎችን ያቀፈ በመሆኑ፣ የፌዴራሉን አወቃቀር ሳይሆን አፈጻጸሙን የሚተች ነበር፤ የአዲስ አበባው መራጭ ግን የሚጠላው ራሱን አወቃቀሩን ነው። ሁለተኛው፣ ኅብረት የተመሠረተው በአሜሪካ ምድር ነው፤ ከአባላቱ መካከል እንደ ኢሕአፓና መኢሶን ያሉ በውጭ የሚኖሩ ድርጅቶች ነበሩበት። የእነዚህ ስም የቀይ ሽብርን ዘመን ላስታወሰ የከተማ ቤተሰብ ከተስፋ ይልቅ ቁስል ይቀሰቅሳል። ቅንጅትም በዋሽንግተንና በአውሮፓ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ድጋፍ አግኝቷል፤ መሪዎቹ ግን ሕዝቡ በየቀኑ የሚያውቃቸው፣ እዚሁ ኖረው እዚሁ የታሰሩ ሰዎች ነበሩ። አራቱን ፓርቲዎች፣ ማለትም የኢንጂነር ኃይሉ ሻውልን መኢአድ፣ የልደቱን ኢዴአፓ-መድኅን፣ የእነ መስፍንና ብርሃኑን ቀስተ ደመናና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግን ያሰባሰበው ጥምረት የተለያየ መራጭ ይዞ መጣ፦ መኢአድ የቆየውን አደረጃጀት፣ ኢዴአፓ ወጣቱን፣ ቀስተ ደመና ምሁሩንና ገለልተኛውን። በኢሕአዴግ መንግሥት የታሰሩትን የቀድሞ የመከላከያ ሚኒስትር የአቶ ስዬ አብርሃን የዋስትና መብት ያስከበረችው ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ከዚህ ስብስብ ጋር መሰለፏ ለብዙዎች ከማኒፌስቶው በላይ ትርጉም ነበረው። መራጩ ማኒፌስቶ አላነበበም ብሎ መናቅ ቀላል ነው፤ ዳኛዋ ያደረገችውን ግን አንብቧል፣ ፖለቲከኛን ከሚመዝኑባቸው መንገዶችም አንዱ ይህ ነው።

ከከተማው ውጭ

ኢሕአዴግ ከምርጫው በፊት ሲያስብ የነበረው አዲስ አበባን ቢያጣ እንኳ ገበሬው እንደማይከዳው ነው። በጎጃምና በሰሜን ሸዋ በርካታ ወረዳዎች የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ምክንያቱም ከከተማው ይለያል። እዚያ ባድመ ወይም አንቀጽ 39 ሳይሆን የመሬትና የማዳበሪያ ጉዳይ ነበር። በ1989 በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ድልድል በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ተለዩና ይዞታቸው ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር ገደማ፣ እንዳይበልጥ ተደረገ። መሬቱን ያገኘው ወጣት ለኢሕአዴግ ባለውለታ ሊሆን ይችላል፤ የተወሰደበት ቤተሰብ ግን ከነዘመዱ ስምንት ዓመት ቂሙን ይዞ ቆይቷል። በ1994 አካባቢ ደግሞ የበቆሎ ዋጋ ወድቆ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል በሬውን እስከ መሸጥ ደረሰ፤ ማዳበሪያውን የሚያከፋፍለው የፓርቲው ኩባንያ፣ ዕዳውን የሚያስከፍለው የቀበሌው ሹም፣ ድምፅ የሚጠይቀውም ያው ሰው ነበር። ክርክሩ በሬዲዮ እዚህም ደርሷል። ቅንጅት መሬት የግል ይሁን ማለቱን ገበሬው ምን ያህል እንደደገፈው አከራካሪ ነው፤ የቀበሌው ሹም መተቸት መቻሉን ግን ሰምቷል።

ኢሕአዴግ በተደጋጋሚ ያቀረበው ማብራሪያ ቅንጅት የድሮውን ሥርዓት የሚናፍቅ የትምክህተኞች ስብስብ ነው፣ የመረጠውም በዚያው ስሜት ነው የሚል ነበር። ብሔር ሚና አልነበረውም ማለት አልችልም። ሕወሓት በትግራይ 38ቱንም መቀመጫ ወስዷል፤ በምዕራብ ሸዋና በሐዲያ ኢሕአዴግን ሊቀጣ የፈለገ መራጭ ድምፁን የሰጠው በአመዛኙ ለኅብረት ነው፣ ኅብረት ካገኛቸው 52 መቀመጫዎችም አብዛኛዎቹ የመረራ ጉዲና የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስ ናቸው። የአቶ ቡልቻ ደመቅሳ ፓርቲም 11 ወንበር ያገኘው ከኦሮሚያ ነው። በ1992 የክልሉ ዋና ከተማ ወደ አዳማ መዛወሩ ያስቆጣው የኦሮሞ መራጭ ቅሬታው ከአዲስ አበባው ሰው ባያንስም መድኃኒቱን የሚፈልገው ከሌላ ቦታ ነበር። በሌላ በኩል ግን ቅንጅት በጉራጌ አካባቢ አሸንፏል፣ አዲስ አበባም ራሷ የአንድ ብሔር ከተማ አይደለችም። ስለዚህ ብሔር ተቃውሞው በየትኛው ፓርቲ በኩል እንደሚወጣ ወሰነ እንጂ ተቃውሞውን የፈጠረው እሱ አይደለም፤ ይህ ልዩነት በኢሕአዴግ ትንታኔ ውስጥ ሁልጊዜ ይጠፋ ነበር።

መራጩ የጠየቀው ምን ነበር?

በምርጫው ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ሰልፉ ከንጋት በፊት ጀምሮ በአንዳንድ ጣቢያዎች እስከ እኩለ ሌሊት ዘልቋል። ጋቢ ለብሰው ዱላ ተደግፈው የቆሙ አዛውንት፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ የምርጫ ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው የያዙ ሰዎች በትዕግሥት ቆመው ውለዋል። ቆጠራው እዚያው በየጣቢያው ተደርጎ ውጤቱ በር ላይ ተለጠፈ፤ ሕዝቡም አሸናፊውን ምርጫ ቦርድ ሳይነግረው ከሰፈሩ በር ላይ አነበበ። በዚያው ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ማናቸውንም ሰልፍ ከለከሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው ይታወቃል፦ የሰኔ 1 ቀን 1997 እና የጥቅምት 1998 ግድያዎች፣ በአጣሪ ኮሚሽኑ ሪፖርት መሠረት የሞቱት 193 ሲቪሎች፣ የመሪዎቹ እስር። እነዚህ ለምን እንደተመረጠ አያስረዱም፤ በመሃል ያለው አንድ ክስተት ግን ከማንኛውም መጠይቅ የተሻለ ማስረጃ ይሰጠናል።

በመስከረም 1998 ቅንጅት ፓርላማ ይግባ ወይስ አይግባ በሚለው ላይ መሪዎቹ ሕዝቡን በየአዳራሹ ሰብስበው አወያዩ። ከአገሪቱ ፓርላማ ከመቶ በላይ ወንበር፣ የአዲስ አበባን አስተዳደር ከነከንቲባነቱ መያዝ ለማንኛውም ጀማሪ ፓርቲ ትልቅ ትርፍ ነው፤ ብርሃኑ ነጋ ለከንቲባነት ተመርጠው ነበር። ተሰናባቹ ፓርላማ የምክር ቤቱን የአጀንዳ አያያዝ ደንብ ቀይሮ ተቃዋሚው አጀንዳ ማስያዝ እንዳይችል አድርጎ መሄዱ ትርፉን ቢቀንሰውም ከንቱ አላደረገውም። ከአዳራሾቹ የተሰማው ድምፅ ግን በአብዛኛው «አትግቡ» የሚል ነበር። ይህንን እንደ ስሜታዊነት የሚያዩት አሉ፤ እኔም ውሳኔው ስህተት ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ። ግን መልሱ የሚነግረን ነገር አለ፦ የአዲስ አበባ መራጭ ግንቦት 7 ድምፁን የሰጠው በምክር ቤት ውስጥ ብርቱ ተቃዋሚ እንዲኖረው ሳይሆን መንግሥት እንዲለወጥ ነበር። መቃወሚያ ወንበር ሲሰጡት የጠየቀውን እንዳልሰጡት ቆጠረው። የከተማው ምክር ቤትም ሳይሰበሰብ ቀርቶ በ1998 በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሾመ።

ኢሕአዴግም የራሱን ትንታኔ ሠርቷል፤ ያደረገውን በማየት ምን እንደገባው መገመት ይቻላል። የወጣቶች ፓኬጅ ተቀረጸ፣ ጥቃቅንና አነስተኛ የሚባለው ፕሮግራም ሰፋ፣ ኮንዶሚኒየሙ በብዙ ሺህ ቤት ተባዛ፤ የኦሮሚያ ዋና ከተማ ከምርጫው ብዙ ሳይቆይ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። የቀበሌ ምክር ቤቶች አባላት ቁጥር ወደ መቶዎች አደገ፣ ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው የፓርቲው አባል በጥቂት ዓመታት ውስጥ በርካታ ሚሊዮን ደረሰ፣ በኋላም አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት እያንዳንዱን ቤት አዳረሰ። በቀጥታ የሚተላለፈው ክርክር በ1997 መልኩ አልተደገመም፤ አጭር የስልክ መልእክት እንኳ ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር። ሥራ ያጣውን ወጣት አይተውታል ማለት ነው፤ ሰዎች ያለ ካድሬ ሲገናኙ ምን እንደሚሆንም ገብቷቸዋል። የመሬት ሥሪቱ፣ አንቀጽ 39፣ የወደቡ ጉዳይና መታወቂያው ላይ ያለችው መስመር ግን እንዳሉ ቀሩ።